የደረት ቦርሳዬና እትዬ ደብሪቱ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ላምበረት መናኸሪያ

የአባቴ እህት እትዬ ደብሪቱ የክርስትና እናት ሊሆኑ ነው። ሸዋሮቢት አካባቢ፣ በሚኖሩበት ቀወት የስንቱን ሕፃን አቅፈው አሳድገዋል፤ የራሳቸውን ግን አምላክ አልሰጣቸውም። እስከ ዛሬም «ክርስትና አንሽልኝ» ያላቸው ሰው አልነበረም። አሁን ጎረቤታቸው ጽጌ ለመጀመሪያ ልጇ መረጠቻቸው። በስልክ ሲነግሩኝ ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ። «የልጅቷን ቀሚስና ማተብ ከአዲስ አበባ ይዘህልኝ ና፤ እንዳትቀር!» አሉኝ። መቅረትማ የት አባቴ!

ለጉዞው ብዬ መርካቶ ቦርሳ መረጥኩ። የጀርባ ቦርሳ ሰልችቶኛል፤ በመናኸሪያ ግፊያ ውስጥ ማን እንደሚከፍተው አይታይም። የጎኑ ደግሞ ትከሻዬን ይጎትተዋል። ስለዚህ ለሥራም ለእግር ጉዞም የሚሆን፣ ደረት ላይ የሚታሰር ፈለግሁ። አንዱ ትልቅ ነበር፤ አስሬው ወደ ታች ብመለከት እግሬን ከለለኝ። ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለው ጥርስ ያስወልቃል። ሌላው ከስልክ በቀር ምንም አይዝም። በመጨረሻ ያነሳሁት ጠፍጣፋ ነው፤ ማሰሪያው ጀርባ ላይ ይጠላለፋል፣ ውሃና ልብስም ይችላል። ዋጋው አይቀመስም፤ ተከራክሬ፣ ትቼው ሄጄ፣ ተመልሼ ገዛሁት።

ከሰዓት፣ ሸዋሮቢት

አውቶቡሳችን ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ በብርድ ተንቀጠቀጥን። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸዋሮቢት ስንደርስ ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን፤ ከቦርሳው ሥር ያለው ሸሚዜ በላብ ራሰ። እውነቱን ልናገር፣ ለቆላ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የምትገዙ ካላችሁ ደረት የሚነካው በኩል አየር የሚያስገባውን ምረጡ።

ለእትዬ ማንጎ ልገዛ ጎራ ብል ሻጯ ልብስ ሞልቶ ያበጠውን ቦርሳዬን አየችና «ወንድሜ፣ ስንት ወርህ ነው?» አለችኝ።

«ገና አምስተኛዬ ነው» አልኳት። አጠገቧ ያሉት ሽንኩርት ሻጮች በሳቅ ፈረሱ።

እትዬ ደብሪቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጉልበታቸው አብጧል፤ ከበር እስከ አልጋ የሚሄዱት ግድግዳ ይዘው ነው።

«ነገ ለክርስትናው ቤተ ክርስቲያን እንዴት ሊደርሱ ነው?» አልኳቸው።

«በባጃጅ እሄዳለሁ! ደግሞ ልትል የፈለግኸው ምንድነው? እኔ ቀርቼ ሌላ ሴት ታንሳልኝ?» ብለው ተቆጡኝ።

እሑድ ንጋት፣ ወንዙ ዳር

ማታ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ደፍርሷል። ባለባጃጁ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ዳር ላይ ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ይታያል። አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ ሲሻገር አየሁ፤ ውሃው ጉልበቱን አላለፈም። ለእኔ ይህ ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን በዚያ እግር አይሞክሩትም።

የጽጌ ባል ከማዶ ተጣራ፦ «እትዬ! ቄሱ ሊጀምሩ ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጉ እያሉ ነው!»

እትዬ ደብሪቱ ፊታቸውን ወደ ባጃጁ መለሱ። «ተወው ልጄ። ድሮም ዕድሌ ነው» አሉ።

አንጀቴን በሉት። ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ።

«ይታዘሉ፣ እትዬ።»

«ሂድ ወዲያ! በእርጅናዬ ልታዝለኝ?»

«ጀርባዬ ባዶ ነው፤ ቀሚሱም ማተቡም ደረቴ ላይ ነው። ቶሎ ይበሉ!»

ታዘሉ። ጀርባዬ ላይ የተጠላለፈውን ማሰሪያ በሁለት እጃቸው ጨበጡና «ለካ ልጓምህን ይዘህ ነው የመጣኸው!» አሉኝ። መሀል ላይ ውሃው ገፋ ሲያደርገኝ ተንገዳገድኩ። እሳቸው ጆሮዬ ሥር «ማርያም፣ ማርያም!» ይላሉ። እትዬ «ለጽጌ ይሁን» ብለው ቦርሳው ውስጥ ያስተዉኝ ማንጎ ከፊት ባይከብድልኝ ኖሮ ሁለታችንም ወደ ኋላ ነበርን።

ማዶ ደርሰን ላወርዳቸው ስል «ምን ትቆማለህ? ሩጥ እንጂ!» አሉ። ሮጥኩ። ቅጥሩ ውስጥ ስንገባ ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» እያሉ ነበር።

«እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ እትዬ ደብሪቱ ከጀርባዬ ሳይወርዱ። «እኔ ነኝ እናቷ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ የቦርሳውን ጭቃ አጠብኩ። ሌባውንም፣ ትከሻዬንም፣ ቁልቁለቱንም አስቤ ነበር የመረጥኩት፤ በሁሉም አልተሳሳትኩም። ባዶ ጀርባ ለምን እንደሚበጅ ግን የተማርኩት እዚያ ወንዝ ውስጥ ነው።

ቦርሳውን ሳሰጣ ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። «በሰላም ገባህ?» እንኳ አላሉኝም።

«ልጄ እኮ ዛሬ ሳቀች» አሉኝ።