ከ«ተጉዤ» ቀጥሎ ያለው መስመር

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደሴ

የጦሳ ተራራ ገና ከጉሙ አልወጣም። አባዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ደርቦ በር ላይ ቆሟል። ፊቱ ሠርግ የሚሄድ ሰው ፊት አይደለም። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ታዝዘናለች፤ ጉልበቷን ባያማት ኖሮ መኪናው ውስጥ ከሁላችን ቀድማ የምትገኘው እሷ ነበረች።

«የኔን መስመር ሳትቀጂ እንዳትመጪ!» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ በወጣትነቱ ሐይቅ ከተማ ሲያስተምር፣ የሚወደውን ዘፋኝ ምርጥ ዘፈኖች ከሸክላ ወደ ካሴት አስቀድቶ ነበር። ዘፋኙ ከረባቱን አስሮ፣ ማይክራፎኑ ላይ ጠጋ ብሎ፣ ጆሮ ላይ እንደሚያወራ ሰው በቀስታ የሚያዜም የዚያ ዘመን ጎምላላ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ፣ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነው፣ መሀል ላይ ይቆረጣል። «ዳገቱን ወጣሁት በሌሊት ተጉዤ» ይልና ቀጭ! ወዲያው ሌላ ዘፈን ይገባል።

እማዬ የአምባሰል ልጅ ናት። አባዬ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እነ እማዬ ቤት አጥር ስር ቆሞ ይህችኑ መስመር አንጎራጎረና፣ ካሴቱ የሚቆረጥበት ቦታ ሲደርስ እሱም ዝም አለ። ከቤት ውስጥ የእማዬ ድምፅ ሞላለት፦ «ነገ እመጣለሁ ሽማግሌ ይዤ»። እሱም በማግስቱ ሽማግሌ ላከ። እማዬ ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው አርባ ዓመት፣ «ዘፋኙ ያለውን ሳልሰማ ቃል በቃል ገጠምኩት» እያለች ትኮራለች። ሸክላው ሐይቅ ውስጥ አንድ ሰው ቤት እንደተቀመጠ ባለፈው ወር ስትሰማ፣ መስመሯን ከዘፋኙ አፍ ካልሰማሁ ብላ ያዘችን።

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዘንቢል ውስጥ ያለች ዶሮ በየመታጠፊያው ትጮኻለች። ሹፌሩ በመስታወት አባዬን አየት አድርጎ፣ «አባት፣ ኮቱ ለሽምግልና ነው?» አለው።

«ለፍርድ ነው» አለ አባዬ።

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አባዬ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይፈታል። ትንሽ እንደተጓዝን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሸክላውን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም» አለኝ።

«እና ለእማዬ…?»

«ልክ እንደሱ ነው የሚለው ብዬ ማልኩላት። ደስ እንዲላት። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው?»

መምህር ሆኖ የኖረ ሰው፣ ስንቱን ተማሪ በኩረጃ የቀጣ ሰው! ልስቅበት ፈልጌ አሳዘነኝ።

4 ሰዓት፣ ሐይቅ

ባጃጆች፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ። ከቤቶቹ ጀርባ ውሃው ያብረቀርቃል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ወደ ውሃው ገብተው ጠቁረው ይታያሉ። አባዬ መጀመሪያ ሻይ አማረው። ቀጥሎ ቆሮሶ ዓሣ አማረው፤ ሁለት ሳህን አስጠብሶ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመ። ቀጥሎ ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ላሳይሽ አለ፤ አሳየኝ። ከዚያ ደግሞ ጫማውን ማስጠረግ ፈለገ።

«አባዬ፣ ጫማህ እኮ አሁንም ያበራል» አልኩት።

ተነፈሰና ባጃጅ ጠራ።

6 ሰዓት፣ ሐጂ ይማም ቤት

ሸክላው ያለው እሳቸው ጋ ነው። ሐጂ ይማም ያኔ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው፤ አሁን ጨርቅ ይነግዳሉ። ኮፊያቸውን እያስተካከሉ ወጡና አባዬን አፍጥጠው አዩት።

«መምህር! አንተ ነህ ወላሂ? አለህ እንዴ?»

«አለሁ፣ ካሴቴን ቆርጠህብኝ።»

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ። «ትዝ ይለኛል! ስቀዳልህ አዛን አለ። መርፌውን አነሳሁና ሄድሁ። ሰግጄ ስመለስ የት እንደደረስሁ ጠፋኝ፤ ቀጣዩን ዘፈን አስገባሁት። አፉ በለኝ።»

ሸክላውን ከጨርቅ ውስጥ አወጡት። ዘፋኙ ከነከረባቱ ሽፋኑ ላይ ፈገግ ብሏል። እኔ ስልኬን ለመቅጃ አዘጋጀሁ። አባዬ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣ «እዚያች ጋ ሲደርስ አጥፊው፤ እንደ ካሴቱ ይቅር» አለኝ። ጣቴን ስልኩ ላይ አሳረፍኩ።

ሸክላው ተንኮሻኮሸ፣ ክራር ገባ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። «ዳገቱን ወጣሁት በሌሊት ተጉዤ…»

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

ሐጂ መርፌውን አነሱ። ሦስታችንም ተያየንና እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። «ያ ረቢ፣ ዛሬም! አብሽር መምህር፣ አሁን እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

ከግቢያቸው ሆኖ የአምባሰል ተራራ በሩቁ ይታያል። አባዬ ወደዚያ እያየ፣ «የእናትሽ ቤት እዚያ ትከሻው ላይ ነበር» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ብትቀየመኝስ?»

«በዚህ ዕድሜያችሁ?»

«በዚህ ዕድሜማ ነው የሚያስፈራው። ከዚያች መስመር ሌላ የምትኮራበት ምን ሰጠኋት?»

አንጀቴን በላው። የኮቱን ኮሌታ አስተካከልኩለት።

ሐጂ ሲመለሱ አባዬ ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሳው። «ተይው፣ ትስማው» አለኝ። መርፌው ወረደ።

«ዳገቱን ወጣሁት በሌሊት ተጉዤ፣
ደጅሽ ተዘግቶብኝ ቀረሁኝ ፈዝዤ።»

ዘፈኑ አልቆ ሸክላው ባዶውን ሲዞር ቆየ። «ምነው፣ አላማረህም?» አሉት ሐጂ።

«ዘፋኙስ አምሮበታል» አለ አባዬ።

11 ሰዓት፣ ደሴ

በመልስ መንገድ አባዬ ሐጂ የሰጡንን ሁለት ትኩስ ዓሣ በፌስታል ጉልበቱ ላይ ይዞ መጣ፤ ኮቱ ዓሣ ዓሣ ሸቷል።

እማዬ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀናለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ቅንድቧ ተነሳ።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

አባዬ ፌስታሉን እንደያዘ መሀል ቤት ቆሟል። «ዋሽቼሻለሁ» አላት።

«ዝም በል እስቲ፣ ልስማበት!» ለሦስተኛ ጊዜ ሰማች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና፣ «ተሳስቷል» አለች።

«ማን?»

«ዘፋኙ ነዋ!» ወደ አባዬ ዞረች። «ምን ተዘግቶብኝ ይላል? እኔ በሩን ከፍቼ አልነበር የጠበቅሁህ?»