ከዛፉ ሥር የነበረችው እህቴ

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። እህቴ አስቴር፣ ቦንጋ ከተማ በተከራየናት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ማር ከነሰፈፉ ትበላ ነበር። እኔ ማር አልወድም። «ማር የማይበላ የካፋ ሰው አንተን አየሁ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሰኞ ከዋጫ ከተማ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሞተር ተገለበጠ። ሞተች።

ሕመሜ የጀመረኝ ከአርባዋ በኋላ ነው። ቀለም ቀቢ ነኝ። የጣሪያ ጫፍ እየቀባሁ ሳለ የሥራ ባልደረባዬ ዳዊት መሰላሉን ለሌላ ግድግዳ ወሰደው። ዘወር ስል የለም። ልቤ ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ። እጄ ደነዘዘ። የምሞት መሰለኝ።

«ምነው፣ ቆርቆሮ ላይ ልታድር ነው እንዴ?» እያለ ዳዊት ከታች ይስቃል።

ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያንም ይይዘኝ ጀመር። ሆስፒታል ሄጄ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሣሁ። ሐኪሙ፣ «ልብህ ጤነኛ ነው። ይሄ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ነው፤ ፓኒክ አታክ ይባላል» አለኝና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከኝ። አፈርኩ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን እዚያ ለተቀበለችኝ ነርስ ያወራሁት ስለ አስቴር ሞት ብቻ ነው። በሁለተኛው፣ ጣሪያ ላይ እንዴት እንደያዘኝ ስነግራት፣ «ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ ብቻህን ቀርተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላስቸኮለችኝም።

ከዚያ ነገርኳት። ወላጆቻችን ሲሞቱ ማንኪራ የሚባል ገጠር ያለው አጎታችን ወሰደን። ቀፎ የሚሰቅለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። በገመድ ያስወጣኛል። ሲቆጣ ገመዱን ከታች ስቦ ይዞት ይሄዳል። እስኪመሽ። ሲያወርደኝ ይገርፈኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር። አላፊ አግዳሚው ማር መቁረጥ የምማር መስሎት «ጎበዝ!» ይለኛል። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ።

አስቴር ግን ታውቅ ነበር። ውኃ ልትቀዳ የወጣች መስላ ትመጣና ከዛፉ ሥር ትቀመጣለች።

«ምን ይታይሃል?»

«ጉሬዛ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

«አንተን የሚመስለው የትኛው ነው?»

እዚያ ላይ ሆኜ እስቃለሁ። ቡናው ሲያብብ ሽታው በቅጠሉ መሃል አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል፤ እሱንም እነግራታለሁ። ያ ዛፍ ትዝ ባለኝ ቁጥር ከፍርሃቱ እኩል የእሷ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ነርሷ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «የደረሰብህ ጥቃት ነው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለችኝ። ሲይዘኝ የማደርገውንም አስተማረችኝ፦ «ዙሪያህን ተመልከት። የሚታይህን አንድ በአንድ ጥራ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። አስቴር ማንም ሳያስተምራት ይህንኑ ታደርግልኝ ነበር።

እንደ እኔ ለሆናችሁ፦ ሕክምናው ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። እኔ አሁንም በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከገባሁት ብሶብኝ እወጣለሁ፣ በማግስቱ ግን ደህና እንቅልፍ ተኝቼ እነቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን መናገር የለባችሁም። ብቻ ተመለሱ። አጎትህን ይቅር በል ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ነርሷ አላለችኝም፤ ስለዚህ አመሰግናታለሁ።

ሁሉን በነገርኳት ማግስት ጠዋት ሥራ ገባሁ። ዳዊትን፣ «ሳትነግረኝ መሰላሉን አታንሳ» አልኩት።

«ለምን?»

«ልጅ ሆኜ ዛፍ ላይ ጥለውኝ ይሄዱ ነበር።»

መጥቶ የመሰላሉን እግር በሁለት እጁ ያዘልኝ። ወጣሁ። ልቤ መደለቅ ሲጀምር የሚታየኝን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ቆርቆሮ። ባሕር ዛፍ። የተሰጣ ልብስ። ጭስ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ ዳዊት ከታች።

«ከእህቴ» አልኩት።