የአያት ስም

የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍላችንን ስም ዝርዝር የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ሮቤ ላይ በልግ ሲገባ ጉሙ በተሰበረው መስኮት ዘው ይልና ከኋላ የተቀመጡትን ይሸፍናቸዋል። ስም ሲጠራ ከውስጡ «አቤት» የሚል ድምፅ ብቻ ይመጣል። ዛሬም ያን ክፍል ሳስበው ፊት አይታየኝም፤ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

በየዓመቱ የምንሞላው ቅጽ ነበር። ወንድ፣ ሴት፤ ዕድሜ፤ የወላጅ ሥራ፤ ከከተማ የመጣ፣ ከገጠር የመጣ። ዕድሜ ላይ የማይዋሽ የለም። ጢም ያበቀሉት እንኳ «አሥራ አራት» ይሉኛል፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር አለና አልፈርድባቸውም። ከወላጆች «ነጋዴ» የሚባሉት ባለሱቆቹ አባቶች ናቸው፣ «የመንግሥት ሠራተኛ» የእኔና የጥቂቶች፣ ሌላው ሁሉ «ገበሬ»። «ሴት» የሚለው ረድፍ በየዓመቱ ይሳሳል። ሰባተኛ ክፍል አብራን የነበረችውን ልጅ በዓመቱ ባል አግብታ፣ በገበያ ቀን ቅቤ ስትሸጥ እናገኛታለን። ስሟን መሰረዝም የእኔ ሥራ ነበር።

ከሁላችንም አንደኛ የምትወጣው፣ ሮቤ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር የገበሬ ልጅ ነበረች። በሰፈሯ አንደኛ ክፍል ስትመዘገብ መምህሩ አዲስ ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ ኦሮምኛ አይሰሙም። ስሟን ነገረቻቸው፣ የአባቷንም ነገረቻቸው። «የአያትስ?» ሲሏት «አያት» የሚለው አማርኛ አልገባትምና «ሂን ቤኩ» አለች። አላውቅም ማለቷ ነው። እሳቸውም ጻፉት። ከዚያ ወዲህ በየካርዱና በየመሸኛው የአያቷ ስም ሂንቤኩ ሆኖ ቀረ።

እኛ ዘንድ ኦሮምኛ የማይሰማ ተማሪ የለም። የሴሚስተሩ ውጤት በሰልፍ ላይ ሲነገር፣ አንደኛዋ በሙሉ ስሟ ስትጠራ ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል። «አላውቅም አንደኛ ወጣ!» ይላል አንዱ ቀልደኛ። እሷ የሽልማት ደብተሯን ተቀብላ፣ አንገቷን ሳትደፋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ከሰልፉ ሁሉ አብልጬ የምስቀውም እኔ ነበርኩ።

አባቴ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ካርዴን አይቶ ሳይናገር ይመልስልኛል። አንድ ቀን ግን «ልጄ፣ አላውቅም የሚባል ሰው በለጠሽ?» አለኝ። ቀልዱን ነበር። ቀልዱ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ሲቆረቁረኝ ከረመ።

የሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ ሲደርስ የክፍላችን ኃላፊ ዝርዝሩን ሰጡኝና «ስማቸው ከቀበሌ ወይም ከገበሬ ማኅበር ወረቀት ጋር ይግጠም፤ አንዴ ከሄደ አይታረምም፤ ስህተት ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ» አሉኝ። በዚያው ቀን አንደኛዋ ልጅ እናቷ ታማባት ወደ ሰፈሯ ልትሄድ ስትል በር ላይ ያዘችኝ። ከደብተር የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት እጄ ላይ አደረገች። የአያቷ ትክክለኛ ስም ነበር።

«እኔ ብናገር ‘የገበሬ ማኅበሩ ወረቀት ያንቺ አይደለም’ ብለው ቢመልሱኝስ? አንቺን ጋሼ ይሰሙሻል» አለችኝ።

«እሺ፣ ሂጂ አታስቢ» አልኳት።

ያን ስም እዚህ አልጽፈውም። መጻፍ በነበረብኝ ጊዜ አልጻፍኩትም። ብጣሿን በግራ መዳፌ ሸፍኜ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ «ሂንቤኩ» ብዬ ገለበጥኩ። መምህሩ «ስህተት አለ?» ሲሉኝ «የለም ጋሼ» አልኩ። የፈተናው ቀን ስሟ ሲጠራ ከየትምህርት ቤቱ የመጣው ሁሉ እንዲስቅባት ነበር የፈለግሁት። ከሳቅ የከፋ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ቅናት ሩቅ አያይም።

ውጤቱ መጣ። ከሁላችንም በላይ አምጥታ አልፋለች። ካርድ በሚሰጥበት ቀን እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ካርዶቹን በፊደል ተራ እየደረደርኩ ነበር፤ ከአባቷ ጋር ገባች። ሽማግሌው ቡልኮ ደርበዋል፤ ዱላቸውን በሩ ጋ አስደግፈው የገበሬ ማኅበሩን ወረቀት ዘረጉ።

ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀቶች አስተያየና «አባቴ፣ ይሄ አይገጥምም» አላቸው። «ካርዱ የአያት ስም ሂንቤኩ ይላል። እርስዎ ያመጡት የሌላ ሰው ስም ነው። ካልገጠመ መስጠት አልችልም፤ ያለ ካርድ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል የሚመዘግባት የለም።»

በዚያ ደጋ፣ ሰው የአባቶቹን ስም ወደ ላይ እየቆጠረ ጎሳው ምንጭ ድረስ ይሄዳል፤ መቁጠር ያልቻለ እንደ ሰው አይታይም። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። እሷ ወለሉን ታያለች። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር፤ ብጣሿ ደብተሬ ውስጥ ነበረች። አልከፈትኩም።

«ያ የወረቀቱ የቤት ስሙ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ጻፍ ልጄ። የአባቴ ስም ሂንቤኩ ነው።»

ጸሐፊው ኦሮምኛ ያውቃል። ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ አቀርቅሮ ቃላቸውን ጻፈ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፤ ካርዱን ተቀበሉ፤ «አላህ ይስጥልን» ብለው ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ጉሙ ወርዶ የገብሱን ማሳ ውጦታል፤ ሁለቱም በአጥሩ ጥግ እየራቁ ይደበዝዛሉ። ድምፃቸው ግን ይሰማኛል። አባት አንድ ስም ይላሉ፣ ልጅ ትደግማለች። የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን፣ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ከዚያም በላይ። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቆሜ አዳመጥኩ።

ቆጠራው ድንገት ተቋረጠ። ከጉሙ ውስጥ ብቻዋን ተመልሳ መጣችና ፊቴ ቆመች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ።

«ማሊፍ?» አለችኝ። ለምን?

እውነቱን ልነግራት ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን «ሂን ቤኩ» የሚለው ሆነ።

አልሳቀችም። ወደ አባቷ ተመለሰች፤ ቆጠራውም ካቆመበት ቀጠለ።