የማርሴሊን ባሮ ሽንኩርት

ማርሴሊን ቡርዳሪ የተወለደችውም የኖረችውም በሞንቫልዛክ መንደር ዳርቻ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች አንዲት የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ከጓሮዋ አጥር በታች ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥሩ ዶርዶኝ ወንዝ እንደ መቀነት ተጠምዝዞ ያልፋል፤ ከማዶው የወይን እርሻና የቀይ ጣሪያ ክምችት ይታያል። ማርሴሊን ግን ይህን ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የኖረችው። ወንበሯ የዞረው ወደ መንገዱ ነው።

“ወንዙን ምን ብዬ ነው የማየው?” ትላለች። “ትናንትም እዚያው ነበር። መንገድ ላይ ግን ሰው ያልፋል።”

በደህናው ዘመን የመንደሩ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ሳህኑን ያልጨረሰ ልጅ ከጠረጴዛ አይነሳም ነበርና፣ ዛሬ ጢም አውጥቶ በመንደሩ የሚንጎራደድ ወንድ ሁሉ፣ ከንቲባውም ሳይቀር፣ በእሷ ዓይን ፊት ቆስጣ እያለቀሰ የዋጠ ነው። በኋላ ልጆቹ አድገው ወደ ከተማ ሄዱ፤ ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ ተዘጋ፤ ባሏ ጋስቶንም አረፈ። ማርሴሊን የቀራትን ጉልበት በሙሉ ለጓሮዋ ባሮ ሽንኩርት ሰጠች። ባሮ ሽንኩርቱም አላሳፈራትም፤ አንዱ የሕፃን ክንድ ያህል ይወፍራል። የጎደለው የሚያደንቀው ሰው ብቻ ነበር። ብቸኛው ጎረቤቷ ፊርማን፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አትክልት አይቶ የማይደነቅ ሰው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ ሞንቫልዛክ ከአገሩ ውብ መንደሮች አንዱ ነው ተባለና ጎብኚ መጉረፍ ጀመረ። ከንቲባው ቲዬሪ ጎብኚዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሆነው ቁልቁል እንዲያዩ ቀስት ያለበት ሰሌዳ አስተከለ። እዚያ ግን አንድ ትልቅ ዛፍ ይጋርዳል። ሰዎቹ ትንሽ ራመድ ሲሉ የማርሴሊንን አጭር የጓሮ በር ያገኛሉ።

መጀመሪያ የመጡት ረዣዥም ሆላንዳዊ ባልና ሚስት ነበሩ። ማርሴሊን ተንበርክካ አረም ትነቅላለች። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

“እንዴት ያምራል!” አለ።

ማርሴሊን ቀና አለች። “ይኼ?”

“አዎ። እንዲህ ያለ የትም አላየንም።”

“የጥንቸል ፍግ ነው፣ ጌታዬ። ሌላ ምንም የለውም።”

ሰውየው ፈረንሳይኛው ብዙ አይደለምና በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠየቀና ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ እንድትል በእጁ አመለከታት። ማርሴሊን ትልልቆቹን ባሮ ሽንኩርቶች ከልላበት መስሏት እየተሽቆጠቆጠች ጠጋች።

ያን በጋ ማርሴሊን አሥር ዓመት የቀነሰች መሰለች። ጠዋት ጠዋት የባሮ ሽንኩርቱን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ንጹሕ ሽርጥ ታስራለች፤ የመጣውን ሁሉ ታስገባለች። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ማርሴሊን ማታውን ለፊርማን አጫወተችው።

“ባሮ ሽንኩርት አይቶ የሚያለቅስ ሰው አለ ለካ።”

ፊርማን ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። “አንቺ ሴትዮ፣ ሰዎቹ እኮ የሚያዩት ወንዙን ነው።”

“የቱን ወንዝ?”

“ስንት ወንዝ ነው ያለን?”

 በማግስቱ ማርሴሊን በሩ አጠገብ ቆማ የጎብኚዎቹን ዓይን ተከታተለች። ዓይናቸው በባሮ ሽንኩርቱ አናት ላይ አልፎ ይሄዳል፤ አንዱም እንኳ አያርፍበትም። አንድ ጀርመናዊማ ረግጦታል።

 ረዣዥም እንጨት አስመጥታ ከጓሮው ጫፍ እስከ ጫፍ ተከለችና ሥሩ ፎሶሊያ ዘራች። ፎሶሊያው እንደ እልኸኛ ተንጠላጠለ፤ በነሐሴ አጋማሽ ወንዙም ማዶውም ድራሹ ጠፋ። ጎብኚዎች አረንጓዴ ግድግዳ አይተው ይመለሳሉ፤ አጉረምራሚው በዛ፤ በመጨረሻ ከንቲባው ራሱ መጣ።

“እትዬ ማርሴሊን፣ ሰዎች ቅሬታ እያቀረቡ ነው” አለ።

“ፎሶሊያ መትከል ክልክል ሆነ?”

“ክልክልስ አይደለም። ግን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ብዬ...”

“ቲዬሪ፣ ቁጭ በል።”

ቁጭ አለ። የባሮ ሽንኩርት ሾርባ አቀረበችለት። ልማድ ሆኖበት ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በላ።

“እንዴት ነው?”

“ጥሩ ነው።”

“ጥሩ ብቻ?”

“በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም፣ እትዬ።”

“ጎበዝ። አሁን ሂድ” አለችው። ከንቲባው ስለ ፎሶሊያው አንድ ነገር ሳያስጨርስ መሄዱን ያስታወሰው ቢሮው ደርሶ ነው።

ፎሶሊያው ሲደርስ ላይ ላዩን ለመልቀም መሰላል አቁማ ወጣች። እንጨቱን ተሻግራ ማየቷ ያን ጊዜ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ጓሮ ውስጥ፣ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ታየቻት። እህቷ ዜሊ ናት። እናታቸው የሞተች ሰሞን ሾርባው ውስጥ ድንች ይገባል አይገባም ተባብለው ተኳርፈው፣ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

ማርሴሊን ከመሰላሉ ወርዳ ፊርማን ወፍ የሚያይበትን መነጽር ተዋሰች። በመነጽር ስታይ የዜሊ ባሮ ሽንኩርት ቢጫ ሆኗል። ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። በማግስቱ ደስታው ቀዘቀዘ። ከዚያ ደግሞ ዜሊ በምርኩዝ እያነከሰች ባሮ ሽንኩርቱን ውኃ ስታጠጣ አየቻትና ትዕግሥቷ አለቀ።

“ፊርማን፣ መኪናህን አስነሳ” አለችው። “ያቺ ሴትዮ በውኃ ልትገድለው ነው።”

ድልድዩ ሩቅ ነውና ዞረው ደረሱ። ዜሊ በሩን ከፍታ እህቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

“ባሮ ሽንኩርትሽ ቢጫ ሆኗል” አለች ማርሴሊን።

“ከየት አየሽው?”

“ከጓሮዬ።”

“ለካስ ወደዚህ ዞረሽ ታያለሽ! እኔ ስንት ጊዜ ሙሉ እጄን ሳውለበልብልሽ ጀርባሽን ነው የማየው። ሆን ብለሽ መስሎኝ።”

 “መንገዱን ሳይ ነው” አለች ማርሴሊን። “እግርሽን ምን ሆንሽ?”

“ጉልበቴ ነው። ግቢ፣ ፊርማንንም ጥሪው፤ መኪና ውስጥ ምን ይጎልተዋል?”

ሾርባው ድንች ነበረበት። ማርሴሊን ድንቹን እየለቀመች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረችው፤ ዜሊም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ፎሶሊያው ተለቅሞ ሲያልቅ ማርሴሊን እንጨቱን ራሷ ነቀለችው። ከንቲባው ሾርባዋን ጥርግ አድርጎ በመብላቱ ያሸነፋት መስሎት ለሁሉም ሲያወራ ሰነበተ። ብርዱ ሲገባ ዜሊ ብቻዋን ማገዶ መሸከም እያቃታት መጣችና፣ ማርሴሊን ከእኔ ጋር ትክረም አለች። ፊርማን የዜሊን ቁም ሳጥን፣ ፍራሽና በቅርጫት የታሰሩ አራት ዶሮዎች ጭኖ አመጣ።

“ዶሮ አላልሽኝም” አለች ማርሴሊን።

“አልጠየቅሽኝም።”

ሳምንት ሳይሞላ ዶሮዎቹ ባሮ ሽንኩርቱ መደብ ውስጥ ገቡ። ማርሴሊን መጥረጊያ ይዛ ስትሮጥ፣ ዜሊ በምርኩዟ ከኋላዋ ስትከተል፣ አንድ የቤልጅግ ቤተሰብ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አባትየው ካሜራውን አነሳ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ወንዙን ማየታቸውን ፊርማን ይጠራጠራል።