አጎቴ በራዲያተሩ ፊት የያዙት ወረቀት

አጎቴ የሰውን ስሕተት በሰው ፊት አያወጡም ነበር።

ከሚሴ ባለው ግቢያችን የአሮጌዋን ፒካፕ የራዲያተር ማራገቢያ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሬ በልጆቼ ፊት ስኩራራ፣ እሳቸው ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያዙ። ማራገቢያው ወረቀቱን መሳብ ሲገባው ገፋው፤ ለካ ሽቦውን ገልብጬ አስሬዋለሁ። እንዲሁ እህል ጭኜ ወደ ጨፋ ሮቢት ብወጣ፣ እንጀራችን የሆነው ሞተር በተቃጠለ ነበር። ልጆቹን «ውሃ አምጡልኝ» ብለው ላኩና፣ «አብሽር ልጄ፣ ሳይመለሱ ቀይረው» አሉኝ።

ጥፋት የሚደብቅን ልጅ አጥብቄ የምቆጣ አባት ነኝ፤ ይህን ግን ለልጆቼ የነገርኳቸው ከአጎቴ ቀብር በኋላ ነው። ታላቋ ልጄ «አባዬ፣ ለእኔም ብዙ ሸፍነውልኛል» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አላህ ይዘንላቸው፤ ከእንግዲህ ስትሳሳት ለብቻዋ ጠርቼ፣ ቀስ ብዬ የምነግራት እኔ ነኝ።