የሮብሌ አያቶችና የመቶ አለቃው ቪዲዮ

ድሬዳዋ ፖሊስ ጣቢያ በአስተርጓሚነት የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ቀን አዛዡ መቶ አለቃ በእሱና በተጠርጣሪው መካከል ወንበር አስቀመጠልኝና ሥራዬን በአጭሩ ነገረኝ፤ ሶማሊኛና ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መመለስ፣ ከራሴ ምንም አለመጨመር። ከሁለቱ የመጀመሪያውን በደንብ ሠርቻለሁ።

አንድ ሰሞን ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ ከነካሴቶቹ ተይዞ በኤግዚቢትነት ቢሮው ተቀመጠ። መቶ አለቃው “መሥራቱ ይጣራ” አለና ከምሳ በኋላ በየቀኑ ያጣራው ጀመር። ካሴቶቹ ተከታታይ ድራማ ናቸው፤ አንድ መርማሪ ብዙ ሰው ከገደሉ እስረኞች ፊት ይቀመጥና እያዋራ ጠባያቸውን ያጠናል። ንግግሩ ፈረንሳይኛ ነው። እኔ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሳራግፍ የለቃቀምኳትን ፈረንሳይኛ ስቀጠር አጋንኜ አስመዝግቤ ነበር። ከአሥር ቃል ሦስቱ ይገባኛል፤ ሰባቱን እፈጥራለሁ።

አንድ ቀን በድራማው አንዱ ገዳይ ስለ አባቱ ብዙ አወራ። መርማሪው የሆነ ነገር ብሎ ተነሣ። መቶ አለቃው ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እኔስ ምኑን አውቄ! ሳይጠየቅ አባት አያቱን የሚያነሣ እሱ ነው ገዳዩ ይላል፣ አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

በሳምንቱ የቀፊራ ገበያው እህል ነጋዴ ሐጂ ኡመር ሦስት ፍየሎቻቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ተራ በተራ ሞቱባቸው። መርዝ ነው ብለው ከሰሱ። በአጥሩ ሲያልፍ የታየ ሮብሌ የሚባል የቢዮ አዋሌ ገጠር ከብት አርቢ ተያዘ። መቶ አለቃው መስኮቱን ዘጋ፣ እንደ ቪዲዮው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና ማን እንደሆነ ጠየቀው።

ሶማሌ ማን ነህ ሲባል ምን እንደሚመልስ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። መቶ አለቃው ግን ከጎጃም ተዛውሮ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ሮብሌ አንገቱን አቃንቶ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን በስም እየጠራ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ መቶ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

“በቃ፣ እሱ ነው። ነገ ወደ ሐረር ይላክ።”

በዚያን ዘመን የተላከ ሰው መቼ ይመለሳል ተብሎ አይጠየቅም። ፈራሁ። ውሸቱ የእኔ ነው፤ ባምን ከሮብሌ ጎን ልሳፈር ነው። ስለዚህ በውሸት ላይ ውሸት ጨመርኩ፤ የቪዲዮው መርማሪ ከሳሹንም ያንኑ ይጠይቅ ነበር አልኩት።

ሐጂ ኡመር ተጠርተው ማንነታቸውን ተጠየቁ። እሳቸውም ሶማሌ ናቸው፤ እስከ አሥራ ሰባተኛ አያታቸው ቆጠሩ። በር ላይ የቆመው ሶማሌ ፖሊስ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ሊጀምር ሲል መቶ አለቃው እጁን አነሣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“እውነት የቪዲዮው ሰውዬ እንደዚያ ብሏል?”

“አልገባኝም ነበር፣ ጓድ መቶ አለቃ።”

የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ የፍየሎቹን ሆድ ሲከፍት በማሽላ ተጠቅጥቆ አገኘው። ፍየሎቹ ወደ ሐጂ መጋዘን በጓሮ ገብተው እስኪነፉ በልተዋል። እኔ አንድ ወር በር ጠባቂ ሆንኩ፤ ሮብሌ ተፈታ። ሲወጣ ጨበጠኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሦስተኛው አያቴ ላይ አለቀብኝ፤ አፈርኩ።

አስተርጓሚ ያልገባውን አልገባኝም ይበል።