ወንፊት የጣለችው ነጥብ

በመሥሪያ ቤቷ ሁሉም «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አለቃዋ፣ ሽማግሌው የከዋክብት ተመራማሪ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ ያላበጠረው የሰማይ ጥግ የለም ለማለት ነው። ሰው ሥራዋን ሲሰማ ጣሪያ ላይ ስታንጋጥጥ የምታድር ይመስለዋል። እሷ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ አሥራ አንድ ሰዓት የምትወጣ፣ ወገቧን የሚያማት፣ የምሳ ዕቃዋን ሁልጊዜ ቢሮ ረስታ የምትሄድ ሴት ናት።

ሥራው ለወሬ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ የጠረጠረው ነጥብ በአራት የብርሃን ማጣሪያ የተነሳባቸውን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያቀርብላታል። ሦስቱ ባዶ ሆነው በመጨረሻው፣ በቀዩ ላይ ብቻ ደብዘዝ ያለ ነጥብ ከታየ ኳሳር ሊሆን ይችላል፤ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች በአንድ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ነዶ፣ እኛ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘ ብርሃን። ጣጣው የካሜራ እድፍም እንደዚያው መምሰሉ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሕግ አወጡ፦ በሌላ ቀን ተደግሞ ያልተነሳ ነጥብ አይጣልም። የጣለ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል።

እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከሁሉም የሚርቀውን ኳሳር ሲፈልጉ ኖረው ሳያገኙ ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቡድን እስከዛሬ ከታዩት ሁሉ የሚርቅ ኳሳር ማግኘቱን አስታወቀ። ወንፊት ቦታውን ከመሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ፈለገችው። ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተነስቷል፤ ሦስቱ ባዶ፣ አራተኛው ላይ ነጥብ። ከሥሩ «እድፍ፤ ይጣል» ይላል። ፊርማው የሽማግሌው ነው። ለድጋሚው ፎቶ በተያዘው ቀን ሰማዩ ደመና ነበር፤ ሕግ አውጪው ሰውዬ ሌላ ቀን መጠበቅ ሰልችቷቸው ጣሉት። እሷ ብታደርገው ኖሮ ቢሮውን በጩኸት ያናጉት ነበር። ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ሄደች። ፋርማሲስት የሆነችው ልጃቸው ትራሳቸውን እያስተካከለች ነበር። እሳቸው ዜናውን ሰምተዋል።

«እኛ መዝገብ ላይ የለም?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«አለ፣ ጋሼ። ግን ተጥሏል።»

«ማነው የጣለው?»

ረስተውታል፤ የቀራቸው ደግሞ ጥቂት ቀን ነው። በገዛ እጃቸው እንደጣሉት ሰምተው ይሙቱ? አንጀቷ አልቻለም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ይቆጣሉ፣ ከዚያ «ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል» ይሉኛል ብላ ነበር። አላሉም።

«ድጋሚ ሳይነሳ?»

«ደመና ነበር፣ ጋሼ።»

«ደመና እኮ ያልፋል» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ ውሃ ሳፈስ ኖሬያለሁ ማለት ነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስክትወጣም አልመለሱትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብትሄድ ልጅቱ «አባዬ ተኝቷል» እያለች ከበር መለሰቻት። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

ከቀብር ሲመለሱ ልጅቱ መኪናው አጠገብ ጠበቀቻት። «እስከ መጨረሻው ሲያወራ የነበረው ያቺን ነጥብ ነው» አለቻት። «በሽታው ሳይሆን አንቺ ነሽ ያቃጠልሽው።»

የሽማግሌው ፊርማ ያለበት መዝገብ ፎቶ ስልኳ ላይ ነበር፤ ማሳየቱ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም።

«ይቅር በይኝ» አለች ወንፊት።